ኮምፕሬሰር የሚገዛው በታንኩ ሳይሆን በሚሰጠው አየር ነው

የመኪናና የብረት ዕቃ ቀለም ቤት ለመክፈት ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኮምፕሬሰሩን ዋጋና የታንኩን ትልቅነት ነው። ሻጩም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ካፒታል የሚባክነው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ታንክ አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ የሚቀባው ዕቃ ይለያል፤ ቀጥሎ የቀለም መርጫው ይመረጣል፤ ኮምፕሬሰሩ የሚገዛው በመጨረሻ ነው።

መርጫው ስንት ሊትር ይፈልጋል?

ለጽሑፍ፣ ለሥዕልና ለጥቃቅን ዕቃ የሚያገለግለው ኤርብረሽ ቀዳዳው ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1 እስከ 2 ባር በሚደርስ ግፊት በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ሊትር አየር ስለሚበቃው በትንሽ ኮምፕሬሰር ይሠራል። 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የመኪና መርጫ ግን ግፊቱ 2 ባር ገደማ ሆኖ ሳለ በደቂቃ 300 ሊትር ያህል ሊፈልግ ይችላል። ልዩነቱ በግፊቱ ሳይሆን በአየሩ መጠን ነው።

አንድ ስሌት እንመልከት። በኮምፕሬሰሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚስበው አየር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለሥራ የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። «250 ሊትር» የተባለው ማሽን የሚሰጠው ወደ 160 ሊትር ይሆናል። ለ300 ሊትር መርጫ በየደቂቃው 140 ሊትር ይጎድላል ማለት ነው። ባለ 50 ሊትር ታንክ ከ8 ባር ወደ 3 ባር እስኪወርድ የሚሰጠው 250 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ጉድለቱን የሚሸፍነው ለሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ይወድቃል፣ ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ ሥራው እንደገና ይፋቃል።

የአዲስ አበባ ከፍታም ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የፋብሪካው ቁጥር ይህን ስለማያካትት ከሚፈለገው በላይ አቅም ያለው ማሽን መግዛት ይበጃል።

ውሃ፣ ዘይትና ጤና

አየር ሲታመቅ ውሃ ያዥቃል፤ ቅባት ያለው ኮምፕሬሰር ዘይትም ይጨምርበታል። ሁለቱም አዲስ ቀለም ላይ ጉድጓድ ያወጣሉ። ስለዚህ ማጣሪያና የግፊት መቆጣጠሪያ በበጀቱ ይካተቱ፤ የታንኩም ውሃ በየቀኑ ይፍሰስ። ማድረቂያ የሚቀላቀልባቸው ብዙዎቹ የመኪና ቀለሞች አይሶሳይኔት የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል ስላላቸው የአቧራ መከላከያ ጨርቅ አይበቃም። ለሠራተኛው ንጹሕ አየር የሚያደርስ ጭንብልና አየር የሚያስወጣ ክፍል ያስፈልጋሉ።

ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማሽኑ በሥራ ግፊት በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል? ሳያርፍ ስንት ደቂቃ ይሠራል? ባለ አንድ ፌዝ ነው ወይስ ባለ ሦስት? መልስ የሌለው ማሽን በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው።