ልብሱን የሰፋችው ማን ናት?

በመንደራ ቆጪ ሆነ በሌላው የጅማ ሰፈር ሸሚዝ ስንገዛ በዋጋው እንከራከራለን፤ ለሰፋችው ምን ያህል እንደ ተከፈላት ግን አንጠይቅም። ይህን የጠየቁ ተማሪዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በአሜሪካ፣ ኢየሱሳውያን በመሠረቱት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎች በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት 85 ሰዓት ተቀመጡ። የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበት ልብስ በየትኛው ፋብሪካ እንደሚሰፋ ይገለጽልን አሉ። አቀራረባቸው ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ቅን ነበር፤ ተቀባይነትም አገኘ። ከእንዲህ ዓይነቱ የተማሪዎች እንቅስቃሴ በ2000 የሠራተኞችን መብት የሚከታተል ተቋም ተወለደ። ይኸው ተቋም በ2018 ስለ ኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች ባወጣው ዘገባ፣ በሰዓት እስከ 12 የአሜሪካ ሳንቲም የወረደ ክፍያ ማግኘቱን ገለጸ። የጅማ የኢንዱስትሪ ፓርክም የተመረቀው በዚያው ዓመት ነበር።

«ወድዳ ተቀጠረች፤ ማን አስገደዳት?» የሚል አይጠፋም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ለዚህ መልስ ሰጥተዋል፦ ደመወዝ ቁጥብ ሠራተኛን ሊያኖር ይገባል፤ ችግር አስጨንቆት ከዚያ ያነሰውን የተቀበለ ሰው ተገድዷል እንጂ አልተስማማም።

ስለዚህ እናንት ካቴኪስቶች ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ የሌባውን እጅ ብቻ አታሳዩ፤ የደመወዙንም ደብተር ግለጡ። በዕድሜ ከፍ ካሉት ተማሪዎች ጋር ደግሞ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ደመወዝ ቦርድ የሚለውን አብራችሁ አንብቡ፤ አንቀጹ 55ኛው ነው።