ጡረታ ያሳምማልን?

«እገሌ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞተ» ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ይህንንም እንደ ሰማን ጡረታው ገደለው ብለን እንፈርዳለን። ነገር ግን ፍርዱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አስቀድመን የማመዛዘኛውን ዘዴ መመርመር ይገባናል።

ጡረተኞችን ባንድ ወገን፣ በሥራ ላይ ያሉትን በሌላ ወገን አቁመን ብናነጻጽር ጤና የጎደላቸው በጡረተኞቹ ዘንድ በዝተው ይገኛሉ። ሆኖም አካሉ የደከመ ሠራተኛ ከጤነኛው ቀድሞ ሥራውን ይለቃልና በሥራ ላይ የሚቀረው ጤነኛው ነው። ስለዚህ ጡረታ በሽታን አመጣ ከማለት ይልቅ በሽታ ጡረታን አመጣ ማለት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ ስሕተት ለመዳን የሚበጀው መንገድ ያንኑ ሰው ከጡረታው በፊትም በኋላም መከታተል ነው። በፈረንሳይ አገር የመብራትና የጋዝ ድርጅት ሠራተኞችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው፣ ጋዜል የተባለው ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። 20000 ያህል ሠራተኞች ስለ ጤናቸው በየዓመቱ በጽሑፍ ይጠየቁ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከነዚህ መካከል ጡረታ የወጡትን 14714 ሰዎች፣ ከጡረታ በፊት እስከ 7 ዓመት፣ ከጡረታም በኋላ እስከ 7 ዓመት ያለውን መልሳቸውን መረመሩ። በ2009 እንደ ገለጹት፣ ጤናቸው ጥሩ አለመሆኑን የተናገሩት ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ከመቶ 19.2 ነበሩ፤ በወጡ በዓመቱ ግን 14.3 ሆኑ። በ2010 የወጣው ሁለተኛው ውጤት ደግሞ ድካምና የመንፈስ ጭንቀት ከጡረታ ወዲህ እንደ ቀነሰ አሳየ። የልብ፣ የስኳርና የመተንፈሻ አካል በሽታ ግን ከዕድሜ ጋር መጨመሩን አልተወም፤ ጡረታው አላባባሰውም፣ አላዳነውምም።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን የእፎይታው መጠን ነው። የሥራው ሁኔታ መጥፎ ለነበረው ሰው እፎይታው ትልቅ ሆነ፤ ማዕርጉ ከፍ ላለው፣ ሥራው ላልከበደውና ለተደሰተበት ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ጡረታው የገለጠው የሥራውን ሸክም ነው።

ይሁን እንጂ እነዚያ ፈረንሳውያን የጡረታ አበላቸው የተረጋገጠላቸው ነበሩ። በአገራችን ሕጉ የጡረታን ዕድሜ 60 ዓመት ሲያደርግ፣ አበል የማያገኘው የቀን ሠራተኛና ገበሬ ግን ጉልበቱ እስኪከዳው ይሠራል። ስለዚህ የፈረንሳዩን ውጤት እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

እኛም ነገ ሠራተኞች፣ አንዳንዶቻችንም አሠሪዎች እንሆናለን። ሰው በስንት ዓመቱ ይረፍ ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ እስከዚያ ድረስ እንዴት ያለ ሥራ ይሥራ ብለን እንጠይቅ።