ቪዲዮው አልቆ ጠያቂ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ሳሳይ ተማሪዎቼ ይሳሳቃሉ፤ ሲያልቅ ግን የሚጠይቅ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳቁ አያስጨንቅዎ፤ አፍረው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። 20 ደቂቃ ይበዛል፤ አምስቱን መርጠው እያቆሙ ያስረዱ። ለምሳሌ ብዙ ቪዲዮዎች የወር አበባ ዑደት 28 ቀን ነው ብለው ያልፋሉ። ዑደቷ 35 ቀን የሆነ ልጅ ይህን ስትሰማ «ታምሜያለሁ» ብላ ትጨነቃለች። እዚያ ላይ ያቁሙትና የወር አበባ ከጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን የተለመደ መሆኑን ይንገሯቸው። «እርግዝና የማይፈጠርበት ቀን» የሚባል ነገር ከተነሳም፣ የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ እንደሚችልና የልጃገረዶች ዑደት ስለሚዛባ ቆጠራው እንደማያስተማምን በግልጽ ያስረዱ። ይህን አለመንገር ልጆቹን መበደል ነው።

ቪዲዮው ሳይጀመር ለሁሉም ጥያቄ የሚጽፉበት ብጣሽ ወረቀት ያድሉ። ስም አይጻፍበት፤ ጥያቄ የሌለውም «የለኝም» ብሎ ይጻፍ፣ ማን እንደጠየቀ እንዳይታወቅ። ወንዶቹን አያስወጡ፤ እነሱም ማወቅ አለባቸው። የግል ችግሯን የጻፈች ካለች ግን ክፍል ውስጥ አያንሱት፤ በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ወጣቶችን የሚያስተናግድበትን ክፍልና ሰዓት አስቀድመው ጠይቀው ለሁሉም ሰሌዳ ላይ ይጻፉላቸው።