ታንኳችሁን በሁለት ገመድ እሰሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! እኛ ሐረር የምንኖር ሰዎች ስለ ታንኳ ብዙ አናውቅም። ቅርባችን ያለው የዓለማያ (ሐሮማያ) ሐይቅ እንኳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ፣ ውኃው መመለስ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። የጣና ገዳማትን ለመሳለም የሄደ ሰው ግን ያያል፤ በብዙው ዳርቻ የተሠራ ወደብ የለም። ታዲያ ታንኳው ሳይጠፋ እንዴት ያድራል? ይህን ብናውቅ ለጾማችንም ይጠቅመናል።

ታንኳ የሚጠፋው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን መሐል ሐይቅ ላይ ይመስለናል። መሐል ላይ ግን ቀዛፊው ነቅቷል። አደጋው ዳር ደርሶ፣ «አሁንማ ደረስኩ» ብሎ ሳያስር ሲሄድ ነው። ሌሊት ነፋስ ሲነሣ ታንኳው ወይ ወደ ውስጥ ይወሰዳል፣ ወይ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ያድራል። ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ መርከበኞች ከኋላዋ አራት መልሕቅ የጣሉት ወደ የብስ መቅረባቸውን ባወቁ ጊዜ ነው። የፈሩት የዳሩን ድንጋይ ነበር (ሐዋ. 27፥27-29)።

እንዴትስ ይታሰራል?

1ኛ. የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ አይተውም። ደንገል ውኃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉዞው ሲያልቅ ወደ የብስ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

2ኛ. ከባድ የእንጨት ጀልባ በሁለት ገመድ ይታሰራል፤ አንዱ ወደ ጥልቁ በተጣለ መልሕቅ፣ ሌላው ዳር ባለ ዛፍ ወይም በደንብ በተተከለ ችካል። በዳሩ ብቻ ቢታሰር ሞገድ ከድንጋይ ያላትመዋል። በመልሕቅ ብቻ ቢሆን ነፋስ በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል።

3ኛ. የመልሕቁ ገመድ አይጠር። ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን ገመዱ ቢያንስ 10 ሜትር ይሁን። አጭር ገመድ ሞገድ ጀልባውን ባነሣ ቁጥር መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል። ረጅሙ ግን ወደ ጎን ስለሚስበው መልሕቁ ጭቃውን ነክሶ ይይዛል።

4ኛ. ገመዱ በየጊዜው ይታያል። የጣና ውኃ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል። ዐቢይ ጾም የሚውለው ውኃው በሚሸሽበት ወራት ነው። አስሮ የረሳ ሰው ጀልባውን ጭቃ ላይ ያገኘዋል።

እኛስ?

ወገኖቼ፣ 55 ቀን ስንጾም በዘወረደ ሳምንት ሁላችንም ንቁ ነን። ሆሳዕና ሲቃረብ ግን «ደረስን» ብለን እንዝላለን። በዚያ ሰዓት ነው ቂሙ፣ ሐሜቱ፣ የፋሲካ ወጪ ጭቅጭቁ ቤታችን የሚገባው።

የዳሩ ገመድ የሚታየው ነው፤ ቅዳሴው፣ የንስሐ አባት፣ ለተቸገረ መስጠት። የጥልቁ መልሕቅ የማይታየው ነው፤ ሐዋርያው የነፍስ መልሕቅ ያለው ተስፋ (ዕብ. 6፥19)። ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሰ ተስፋ የሌለው ሰው ካገኘው ሁሉ ጋር ይላተማል። «እኔ በልቤ አምናለሁ» ብሎ ብቻውን የቀረ ደግሞ ነፋሱ ያዞረዋል። በአንድ ሳምንት ጸሎት መልስ ካላገኘሁ የሚል ሰው ገመዱ አጥሯል። «አምና ንስሐ ገብቻለሁ» የሚለውም ውኃው እንደሸሸ አላየም።

ታንኳ የሚታሰረው ተቀምጦ እንዲቀር አይደለም፤ በተፈለገ ጊዜ እንዲገኝ ነው። ጌታችን ሕዝቡ እንዳያጋፋው ታንኳ እንድትቆይለት ደቀ መዛሙርቱን አዟቸው ነበር (ማር. 3፥9)። ያልታሰረች ብትሆን ኖሮ በምን ትገኝ ነበር? እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ሁለቱንም ገመዶች እንይ። የላላውን እናጥብቅ፣ ያጠረውን እናስረዝም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።