ከአራታችን ከዳተኛው ማን ነበር?



የመካከለኛ ፈተና ባለቀበት ሳምንት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ አራት የምህንድስና ተማሪዎች በዶርማችን ወለል ላይ አንድ የቦርድ ጨዋታ ዘረጋን። የአንዳችን አጎት ከአሜሪካ ያመጣው ነው። ተጫወትን፣ ተሸነፍን፣ ተኛን። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ከአራታችን አንዱ ለሁለት ሳምንት ከሐለቃችን ቀረ። የቀረበትን ምክንያት ስናውቅ አፈርን። ለእናንተም ትምህርት ቢሆን ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ስሙ «ዴድ ኦፍ ዊንተር» ይባላል። ጆናታን ጊልሞርና አይዛክ ቬጋ ነድፈውት፣ ፕሌድ ሃት ጌምስ በ2014 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ከሁለት እስከ አምስት ሰው ይጫወተዋል። ታሪኩ አስፈሪ ነው፦ ከተማው በዞምቢዎች ተወርሯል፣ ብርዱ በረዶ ነው፣ ጥቂት የተረፉ ሰዎች በአንድ መጠለያ ተጠግተዋል። ተጫዋቾች ሰዎቻቸውን ወደ ሆስፒታል፣ ነዳጅ ማደያ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ምግብ መደብር እየላኩ የሚያስፈልገውን ይፈልጋሉ። የመጠለያው ሞራል ዜሮ ከገባ ጨዋታው ያበቃል።

ቼዝ አንዱ ሌላውን የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፓንደሚክ» ደግሞ ሁሉም አብሮ የሚያሸንፍበት ወይም አብሮ የሚሸነፍበት ነው። ይሄኛው ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ ከፊል ትብብር ልንለው እንችላለን። ሁላችንም የምንጋራው አንድ ዋና ግብ አለ። ከዚያ ሌላ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያየው የምሥጢር ግብ ይሰጠዋል። ታማኝ ተጫዋች የሚያሸንፈው ዋናው ግብም የራሱ ምሥጢርም ሲሟሉ ብቻ ነው። ከካርዶቹ መካከል ደግሞ አንድ የከዳተኛ ካርድ ሊኖር ይችላል፤ እሱ የደረሰው ሰው መጠለያውን ለመጣል ይሠራል።

በየዙሩ አንድ ቀውስ ይመጣል። ለምሳሌ መድኃኒት ወይም ነዳጅ ይጠይቃል። ሁሉም ካርዱን ገልብጦ ያስገባል፣ ይቀላቀላል፣ ከዚያ ይገለጣል። የተጠየቀው ዓይነት አንድ ነጥብ ይጨምራል፣ ሌላ ዓይነት ካርድ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። ማን የቱን እንዳስገባ አይታወቅም።

ስለ ዳይሱ

ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ነበረብን፤ ጨዋታው ዳይስ አለው። ነርደሺርን የሚከለክለው፣ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ ይታወቃል። ብዙኃኑ ዑለማ ነርድን ያለ ቁማርም ይከለክላሉ፤ በሌሎች የዳይስ ጨዋታዎች ላይ ግን የተለያየ አቋም አለ። ስለዚህ ዳይሱን በሳጥኑ ትተን ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች በኮፍያ ውስጥ ጨመርን። ከ1 እስከ 6 ያሉት ለባለ ስድስት ጎኑ ዳይስ፣ 12 ወረቀቶች ደግሞ ሰው ሲንቀሳቀስ ለሚጣለው ባለ 12 ጎን ዳይስ ምትክ ሆኑ። ከ12ቱ አንዱ «ንክሻ» ነው፤ እሱ የወጣበት ሰው ይሞታል። የወጣው ወረቀት ሁልጊዜ ወደ ኮፍያው ከተመለሰ ዕድሉ ከዳይሱ ጋር እኩል ነው። ይህ ግን የእኛ ጥንቃቄ እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ ዒልም ያላቸውን ጠይቁ።

የዚያ ምሽት ነገር

በአራተኛው ዙር መድኃኒት የሚጠይቅ ቀውስ ወጣ። አራት ስለነበርን አራት ነጥብ ያስፈልገን ነበር። አምስት ካርድ ገባ። ሲገለጥ አራቱ መድኃኒት፣ አንዱ ነዳጅ ሆነ። ነዳጁ አንድ ቀንሶ ሦስት ነጥብ ብቻ ቀረልን፤ ቀውሱ ወደቀብን።

ዓይናችን ሁሉ ወደ አንድ ወንድማችን ዞረ። ሆስፒታሉን ሦስት ጊዜ ፈትሾ የሰጠው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። በባሕርዩም ዝምተኛ ነው። «ምክንያት አለኝ፤ ግን ላሳያችሁ አልችልም» አለ። እውነቱን ነበር፤ የምሥጢር ካርድን ገልጦ ማሳየት ክልክል ነው። ተጫዋችን ከመጠለያው ለማባረር ድምፅ መስጠት ይቻላልና ሦስታችንም አውራ ጣታችንን በእሱ ላይ አነሳን። አንዳችን እየሳቀ «ሙናፊቁ ተገኘ!» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ከሁለት ዙር በኋላ ሞራሉ ዜሮ ገባ። ካርዶቻችንን ገለጥን። የተባረረው ወንድማችን ምሥጢር ጨዋታው ሲያልቅ መድኃኒት በእጁ ይዞ መገኘት ነበር። ከአራታችን አንድም ከዳተኛ አልነበረም።

ታዲያ ነዳጁን ማን አስገባው? ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዱ የካርዱን ምልክት አሳስቶ አይቶ ነው። ካርዶቹ ሲገለጡ ስህተቱን አውቆት ነበር፤ እኛ ስንጮህ ግን አፍሮ ዝም አለ። ዝም ብሎም አውራ ጣቱን አነሳ። የትኛችን እንደሆነ አንጽፍም፤ ሦስታችንም ፈርደናልና።

ሒሳቡ ምን ይላል?

በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳን። በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የታማኝ ካርዶች ይቆጠራሉ፤ በላያቸው አንድ የከዳተኛ ካርድ ተጨምሮ ይበወዛል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ይታደላል። ለአራት ሰው 8 እና 1፣ ድምሩ 9 ካርድ ነው። ከ9ኙ የሚታደሉት 4 ናቸው። ስለዚህ ከመካከላችን ከዳተኛ የመኖሩ ዕድል 4/9፣ ማለትም 44 በመቶ ያህል ነው። ከዳተኛ የሌለበት ጨዋታ ይበዛል ማለት ነው።

የራሱን የታማኝ ካርድ ያየ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ለእሱ ይለወጣል። የቀሩት ካርዶች 8፣ ከዳተኛው ከነሱ 1 ነው። ስለዚህ ከፊቱ የተቀመጠው አንድ የተወሰነ ወንድሙ ከዳተኛ የመሆኑ ዕድል፣ ገና ምንም ሳይታይ፣ 1/8 ነው። መድኃኒት አለመስጠቱ ይህን ቁጥር ከፍ ሊያደርገው ይችላል እንል ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒት መያዝ ለከዳተኛም፣ የራሱ ምሥጢር ላለው ታማኝም እኩል ይስማማል። እኛ ያየነው ማስረጃ ሳይሆን የፈራነውን ነው።

ጨዋታውን የነደፉት ሰዎችም ይህን ያወቁ ይመስላል። ሁለት ታማኝ ተጫዋቾች ከተባረሩ ሞራሉ ወዲያው ዜሮ ይገባል። መጠለያውን ለማፍረስ ከዳተኛ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬው ይበቃል።

ወንድማችን ምን አለን?

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ዶርሙ ሄደን አፉ በለን አልነው። መጀመሪያ «ጨዋታ ነው፣ ተውት» አለ። ሻይ ካፈላልን በኋላ ግን እንዲህ አለን፦ «መባረሩ ምንም አልነበረም። ያቺ ቃል ግን አልወጣችልኝም። ደግሞም በዲዛይን ፕሮጀክቱ የምታዩኝ በዚሁ ዓይን እንደሆነ ገባኝ።»

እውነት ነበር። በየምሽቱ ከላብራቶሪ ቀድሞን ይወጣል። «ሥራውን በእኛ ላይ ጥሎ ይሄዳል» ብለን ተንሾካሹከናል። እሱ ለካ የሚሄደው ልጆች ሊያስጠና ነው፤ የሚያገኘውን ለእናቱ ይልካል። «በጨዋታው ካርዴን ማሳየት አልችልም ነበር» አለን። «በፕሮጀክቱ ግን ማሳየት እችል ነበር። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ምን ተማርን?

1. ሁሉም ሰው የምሥጢር ግብ አለው። የቤተሰብ ችግር፣ የገንዘብ እጦት፣ የጤና ነገር። የራሱ ጭነት ያለው ሰው የጋራውን ሥራ ከዳ ማለት አይደለም።

2. በኑሮ መጠየቅ አልተከለከለም። አሁን የፕሮጀክት ቡድናችን ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን «በዚህ ወር የትኛው ሰዓት ይከብደኛል» ብለን እንነጋገራለን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የወንድማችን ድርሻ ወደ ጠዋት ተዛወረ፤ ንድፎቹንም ከሁላችን ቀድሞ አስረከበ።

3. ስህተቱን ያወቀ ሰው ቶሎ ይናገር። «ነዳጁ የእኔ ነው» የሚሉ ሦስት ቃላት ያን ምሽት አንድ ሰው ከመባረር ያድኑ ነበር። የሚሰሙትም ለሚናገር ሰው በሚያሳፍር ጩኸት አይቀበሉት።

4. በጨዋታ ውስጥም ቢሆን የማይቀለድባቸው ቃላት አሉ። ሱረቱል ሑጁራትን ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! 11ኛው አንቀጽ በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ 12ኛው ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላል። በአንድ ምሽትና በአንድ ሴሚስተር እነዚህን ሁሉ ነካካናቸው።

ጨዋታውን አልጣልነውም። ባለፈው ሳምንት እንደገና ተጫወትን፤ አምስተኛ ወንድምም ጨመርን። አሁንም መድኃኒት ጎደለ፣ አሁንም አንድ የማይሆን ካርድ ገባ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አውራ ጣቱን ከማንሳቱ በፊት ዝምተኛው ወንድማችን «መጀመሪያ ያሳሳተ ካለ ይናገር፣ አንቆጣም» አለ። አንዱ እጁን አወጣ። ሳቅን፤ አሁን እሱም ሳቀ።

አላህ ልባችንን ለወንድሞቻችን ንጹሕ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።