የአሮጌ ቮልስዋገን በር ውስጡ እንዴት ይገጠማል?

በተለምዶ ቮልስ የሚባለው አነስተኛ አውቶሞቢል በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ መሠራቱ ያበቃው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ ዛሬም ስለሚነዳ፥ መለዋወጫ ሻጭ የበሩን አሠራር ማወቁ ይጠቅመዋል።

አስቀድሞ በበሩ ግርጌ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይጠረጋሉ። የዝናብ ውሃ በመስታወቱ ጎን መግባቱ አይቀርም፤ መውጫ ካጣ ላሜራውን ያዝገዋል። ቀጥሎ መስታወት ማንሻው ግራሶ ተቀብቶ ይገባል፤ መስታወቱም ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ብሎኖቹ በመጀመሪያ ላላ ይደረጋሉ፤ መስታወቱ ወጥቶና ወርዶ መስመሩን ሲይዝ ይጠብቃሉ። ቁልፉ በሩ ክፍት ሳለ ይሞከራል፤ ተዘግቶ ቢበላሽ መክፈቻው ይቸግራልና።

ከውስጥ ሽፋኑ በፊት ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ይለጠፋል። ይህ ርካሽ ነገር ከተዘነጋ የሽፋኑ ካርቶን ርጥበት ጠጥቶ ይጣመማል።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃው በየጊዜው ስለተለዋወጠ መኪናው የተሠራበትን ዓመት አረጋግጦ ይዘዝ። ባለሱቁም ከሽፋኑ ጋር ላስቲኩን፥ ጎሚኒውንና መያዣ ክሊፑን አብሮ ያቅርብ። እንዲህ ሲሆን ደንበኛው ሁለት ጊዜ አይከፍልም፤ ሱቁም አመኔታን ያተርፋል።