ስለ ቢሊንግስሊና ስለ ወገብ ጠፍር

ልጆች ሆይ፥ በጦር ሜዳ ለወደቀ ሰው ፉከራ ይነገርለታል፤ ስሙም በሙሾ ይነሣል። በሰላም ዘመን ሥራውን ሲለማመድ የሞተ ወታደር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስለዚህ ጠላት ሳይተኩስበት ስለ ሞተ ስለ አንድ ወጣት መኮንን ዛሬ እናንብብ።

ስሙ ዊልያም ቢሊንግስሊ ይባላል። የተወለደው በአሜሪካ አገር በሚሲሲፒ ግዛት ነው። አናፖሊስ በምትባል ከተማ ባለው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምሮ በ1909 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጨረሰ፤ ከዚያም በኋላ አይሮፕላን ማብረርን ተማረ።

በዚያ ጊዜ የመብረር ሥራ ገና ሕፃን ነበረ። ራይት የሚባሉት ሁለት ወንድማማች በሞተር ከበረሩ ዐሥር ዓመት አልሞላም ነበር። የአሜሪካም ባሕር ኃይል የመጀመሪያዎቹን አይሮፕላኖች የገዛው በ1911 ነው። አይሮፕላኑ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ነበረ። አብራሪው እንደ ዛሬው በመስተዋት ተከልሎ አልነበረም፤ በታችኛው ክንፍ ጫፍ ላይ ነፋስ ፊቱን እየመታው ይቀመጥ ነበር እንጂ። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ ኮርቻና እርካብ አለው፤ ቢሊንግስሊ ግን በወገቡ ላይ የሚይዘው አንዳች ነገር አልነበረም።

ጁን 20 ቀን 1913፥ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 13 ቀን 1905፥ ዳግማዊ ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ፥ ቢሊንግስሊ ከአናፖሊስ ተነሥቶ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ በረረ። አይሮፕላኑን የሚነዳው እርሱ ነበረ፤ በአጠገቡም ጆን ታወርስ የሚባል በማዕርግ የሚበልጠው መኮንን ተቀምጦ ነበር። ከፍታቸው 1600 ጫማ ያህል ነበረ፤ ይህም ወደ 490 ሜትር ይጠጋል። በድንገት ኃይለኛ ነፋስ አይሮፕላኑን ወደ ታች ደፋው።

በቅሎ በቁልቁለት ላይ ድንገት ስትደናቀፍ የተቀመጠባት ሰው በራሷ ላይ አልፎ እንደሚወድቅ አይታችሁ ይሆናል። በአየርም እንዲሁ ነው። አይሮፕላኑ በድንገት ወደ ታች ሲወርድ፥ ያልታሰረ ሰው ገላው በነበረበት ከፍታ ይቀራል፤ መቀመጫው ከሥሩ ይሸሸዋል። ቢሊንግስሊ እንዲህ ከመቀመጫው ተነቅሎ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች በመጀመሪያ የሞተው እርሱ ነው።

ታወርስም ከመቀመጫው ተነቅሎ ነበር። ነገር ግን እጁ የክንፉን ቋሚ እንጨት አገኘና አይሮፕላኑ ከውኃው እስኪደርስ ድረስ ተንጠልጥሎ ወረደ። ክፉኛ ተጎዳ፥ ነፍሱ ግን ተረፈች። ታወርስ ጀግና ስለ ሆነ ዳነ፥ ቢሊንግስሊ ግን ፈሪ ስለ ሆነ ወደቀ የሚል ሰው ቢኖር፥ እኔ አልቀበለውም። በዚያች ቅጽበት የአንዱ እጅ እንጨት አገኘ፤ የሌላው እጅ አየር ጨበጠ። የሁለት ሰዎች ሕይወት በዚህ ያህል ነገር ተለየ።

ታወርስ በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ግሌን ከርቲስ የሚባለው አይሮፕላን ሠሪ ሊጠይቀው መጣ። ታወርስን ከሁለት ዓመት በፊት መብረር ያስተማረው እርሱ ነበረ። ሕመምተኛው ያየውን ሁሉ በዝርዝር ነገረው፤ አብራሪና ተሳፋሪ ከመቀመጫቸው ጋር መታሰር እንዳለባቸውም አሳሰበ። ከርቲስም ይህን ለሌሎች አስታወቀ። አስቀድሞ በጠፍር የታሰሩ ጥቂት አብራሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን እንደ ደንብ አልተቆጠረም ነበር። ከዚህ ሞት በኋላ ግን የወገብና የትከሻ ጠፍር ተሠርቶ ቀስ በቀስ የአብራሪዎች ሁሉ ልማድ ሆነ። ዛሬ በአይሮፕላን የሚሳፈር ሰው፥ ሽማግሌም ቢሆን ሕፃን፥ ከመነሣቱ በፊት ወገቡን ይታጠቃል።

በ1919 አንዲት የጦር መርከብ ወደ ባሕር ስትገባ ስሟ ቢሊንግስሊ ተባለ። መርከቢቱ ከብዙ ዘመን በፊት ፈርሳለች። ታወርስ ግን ከዳነ በኋላ መብረርን አልተወም፤ በዚያው በ1919 አትላንቲክን ለመሻገር ከተነሡት የባሕር ኃይል አይሮፕላኖች ጋር አለቃ ሆኖ ሄደ። ኋላም የአድሚራልነት ማዕርግ ተቀብሎ በ1955 ዐረፈ።